የሻምፑ ጠርሙስ ለሕፃናት መተንፈሻ

በሳምባ ምች ክፉኛ የታመመ ሕፃን ሳምባው በፈሳሽና በመግል ስለሚሞላ በቂ ኦክስጅን መሳብ ይሳነዋል። በበለጸጉ ሀገራት እንዲህ ያለው ሕፃን በሺህ ዶላሮች በሚገዛ የመተንፈሻ መሣሪያ ይታገዛል። መሣሪያውም ሆነ ጠጋኙ በሌለበት ቦታ ግን ለረጅም ጊዜ የነበረው አማራጭ ኦክስጅን በአፍንጫ መስጠት ብቻ ነበር።

ባንግላዲሻዊው ሐኪም ዶክተር ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ እ.አ.አ. በ1996 በሲልሄት ከተማ በተለማማጅ ሐኪምነት በጀመሩበት የመጀመሪያ ሌሊት ሦስት ሕፃናት በሳምባ ምች ሲሞቱ አይተዋል። ኋላ በሜልበርን፣ አውስትራሊያ፣ የተመለከቱት በአረፋ የሚሠራ መሣሪያ መነሻ ሆናቸው። ዳካ ውስጥ የመሣሪያውን ውድ ክፍል ውሃ በያዘ ባዶ የሻምፑ ጠርሙስ ተኩት፤ ዋጋውም 1.25 ዶላር ያህል ሆነ።

ሕፃኑ በአፍንጫው በተገጠመ ቱቦ ኦክስጅን ይስባል። የሚያስወጣው አየር በሌላ ቱቦ አልፎ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ውሃ ሥር ይወጣል። አየሩ አረፋ ሠርቶ ለማምለጥ ውሃውን መግፋት ስላለበት ግፊት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህም የሳምባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይከደኑ ያደርጋል። የግፊቱን መጠን የሚወስነው ቱቦው በውሃው ውስጥ የጠለቀበት ልክ ነው። ለመለካት ተራ ማስመሪያ ይበቃል።

ዘ ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት እ.አ.አ. በ2015 ባወጣው የዳካ ጥናት 225 ሕፃናት ተሳትፈዋል። በአረፋው ዘዴ ከታከሙት 79 ሕፃናት የሞቱት 3 ሲሆኑ፣ በዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን ከተሰጣቸው 67 ሕፃናት ግን 10 ሞተዋል።

ወሬው በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለ ነበር። በማላዊ፣ ሳሊማ ወረዳ ሆስፒታል፣ በ644 ሕፃናት ላይ የተደረገው ሌላ ጥናት ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ፤ በአረፋው ዘዴ ከታከሙት 17 በመቶ፣ በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት ደግሞ 11 በመቶ ሞቱ። ሕፃናቱ በኤችአይቪ፣ በምግብ እጥረት ወይም በከባድ የኦክስጅን ማነስ የተጎዱ ነበሩ። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ይመስላል፦ በዳካ ሐኪሞች ቀን ከሌሊት በቅርብ ሲከታተሉ፣ በሳሊማ የዕለት ተዕለት የሐኪም ክትትል አልነበረም።

ዘዴው በኢትዮጵያ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም ተሞክሯል። በየትኛውም ቦታ ቢሆን አረፋው ከቆመ ቱቦው ተላቋል ወይም ተዘግቷል ማለት ነው፤ ይህን አይቶ ወዲያው የሚያስተካክል ነርስ ሌሊትም በክፍሉ መገኘት አለበት።