«ሜጋኸርዙ ስንት ነው?»

ውድ የባች ጓደኞቼ፣ በእኛ ጊዜ ዶርም ውስጥ የኮምፒዩተር ወሬ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር። ቁጥሩ የበለጠው አሸነፈ፣ በቃ! ከተመረቅን በኋላ አንዱ ወንድማችን ከደሞዙ ያጠራቀመውን ይዞ ምክር ሲጠይቀኝ፣ እኔም ሳላመነታ «ሜጋኸርዙ የበዛውን ግዛ» አልኩት። ታሪኩን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ስህተቱ ግን እኛ የጀመርነው አይደለም። ቫክስ 11/780 የተባለው ማሽን በ1977 እ.ኤ.አ. ሲወጣ «በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ትዕዛዝ ይፈጽማል» ተብሎ ለሌሎች መለኪያ ሆነ። በተግባር የሚፈጽመው ግን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነበር! ደግሞስ ትዕዛዝ መቁጠር ምን ይጠቅማል? አንዱ ማሽን በአንድ ትዕዛዝ የሚጨርሰውን ሌላው በሦስት ይጨርሰዋል።

የተሻለው መንገድ ሥራ ሰጥቶ ሰዓት መያዝ ነው። በ1972 በእንግሊዝ የተሠራው ዌትስቶን የአስርዮሽ ስሌትን፣ ራይንሆልድ ቫይከር በ1984 ያወጣው ድራይስቶን ደግሞ የሙሉ ቁጥር ሥራን ይለካሉ። ፈተናዎቹ አጫጭር ስለነበሩ ግን ኮምፓይለር ሠሪዎች «ለፈተና ማጥናት» ለመዱ። በ1988 ስፔክ የተባለው ማኅበር ተቋቋመ፤ በዓመቱም 10 ፕሮግራሞችን መፈተኛ አድርጎ አወጣ። እዚያም ማትሪክስ 300 የተባለውን ፈተና ኮምፓይለሮች ስለበሉት በ1992ቱ እትም ተሰረዘ።

ሜጋኸርዝም ቢሆን የልብ ትርታ ነው እንጂ ሥራ አይደለም። በ2000 መጨረሻ የወጣው ፔንቲየም 4 በ1.5 ጊጋኸርዝ እየመታ፣ በአንዳንድ ሥራ 1 ጊጋኸርዝ ባለው ፔንቲየም 3 ይበለጥ ነበር። ሥራውን በ20 ደረጃ ከፋፍሎ ትርታውን አፈጠነ፤ በአንድ ትርታ የሚሠራው ግን አነሰ። ኤኤምዲ ደግሞ በ2001፣ 1.53 ጊጋኸርዝ ያለውን ፕሮሰሰር «1800+» ብሎ ሰየመው። ቁጥርን በቁጥር መለሰ ማለት ነው።

እኛንም እኮ በአንድ ቁጥር ለክተው፣ ከመታወቂያ ቁጥራችን ጋር ግድግዳ ላይ ይለጥፉን ነበር። ዛሬ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ ያ ወረቀት ስንቱን በትክክል ለካ?

ለዚያ ወንድሜ፦ መጠየቅ የነበረብኝ «ምን ልትሠራበት ነው?» ብዬ ነበር። ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ የዛሬው ምሳ በእኔ ነው።