የካርቱሙ ቱሩምባ

ካርቱም ስንገባ መጀመሪያ ካሳቁን ቃላት አንዱ "ቱሩምባት ሞያ" ነው፤ የውሃ ፓምፕ ማለት ነው። እኛ የሚነፋ ጥሩምባ መስሎን ነበር።

በቤድፎርድ ዘመን ምርጫ አያስቸግርም ነበር። ፓምፑ ሲያንጠባጥብ ኩሽኔታውንና ሲሉን ቀይሮ መልሶ መግጠም ነው። ኋላ ቶዮታ ገነነ። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ባለ 8 ሲሊንደሩ 4.7 ሊትር ላንድ ክሩዘር ደግሞ ጣጣ አመጣ፤ ፓምፑን የሚያዞረው ታይሚንግ ቺንጋው ነው። ኩሽኔታው ከቆመ ቺንጋው ይበጠሳል፣ ሞተሩም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ።

አሜሪካ በ1997 የጣለችው ማዕቀብ እስከ 2017 ቆየ። በባንክ መክፈል ስላስቸገረ ብዙ መለዋወጫ በዱባይ በኩል፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይመጣ ነበር። ያኔ ካርቶን ማመን ቀረ። አሮጌውን ፓምፕ በፌስታል ይዘን እንሄዳለን፤ ውሃ የሚገፋውን ክንፍ እናስተያያለን፣ ዘንጉን በጣት አዙረን እንነቀንቃለን። ጓርኒሲዮን የሚነካው ፊት ሸካራ ከሆነ እንመልሳለን።

ፍጥነት የሚወዱ ልጆች "ትልቅ ክንፍ ያለው ይሁን" ይላሉ። እኛ አንስማማም። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሮጥ ያልተስማማ ክንፍ ውሃውን አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ሙቀት አይወስድም። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቴስታታው ይጣመማል።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ብዙዎቻችን በገዳሪፍ አድርገን ወደ መተማ ወጣን። ልጆቹን ከመጫናችን በፊት ቦኔት ከፍተን፣ የፓምፑ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ደረቅ መሆኑን በባትሪ አየን።