ልዑሉ ራሱ ያዘዘው መቃብር

በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ካቴድራል፣ በምሥራቅ ጫፍ ባለው የሥላሴ ጸሎት ቤት፣ ከራስ እስከ እግሩ ጥሩር የለበሰ ጦረኛ እጆቹን ለጸሎት ገጥሞ ተጋድሟል። ምስሉ ከመዳብ ቅይጥ ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ ነው። ባለ መቃብሩ የንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ የበኩር ልጅ፣ የዌልስ ልዑል ኤድዋርድ ነው። «ጥቁሩ ልዑል» የሚለው ስም ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣለት ነው።

ይህን መቃብር ከብዙዎቹ የሚለየው ሟቹ ራሱ ያዘዘው መሆኑ ነው። ልዑሉ እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 1376፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ በፈረንሳይኛ ተናዘዘ። በመቃብሩ ዙሪያ እያንዳንዳቸው አንድ ጫማ ስፋት ያላቸው 12 ጋሻዎች እንዲደረጉ አዘዘ፤ 6ቱ የዘር አርማው፣ 6ቱ የሰጎን ላባ ያለባቸው። ፊተኞቹ የጦርነት፣ ኋለኞቹ የሰላም ናቸው። አስከሬኑ ሲሸኝም ሁለት ፈረሶችና ሁለት የታጠቁ ሰዎች እንዲቀድሙት፣ አንዱ የጦርነቱን፣ ሌላው የሰላሙን አርማ እንዲለብስ አዟል።

የጦርነቱን ጋሻ ጠጋ ብሎ ማየት ደግ ነው። ለአራት ተከፍሏል። በሁለቱ ክፍሎች ሰማያዊ መደብ ላይ የፈረንሳይ ነገሥታት የወርቅ አበቦች ተበትነዋል፤ በሁለቱ ቀይ መደብ ላይ የእንግሊዝ አንበሶች ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። አባቱ በእናቱ በኩል የፈረንሳይ ዙፋን ይገባኛል ብሎ በ1340 የፈረንሳይን አርማ ከራሱ ጋር አዋሕዶ ነበር፤ ልጁም በ1356 በፑዋቲዬ ጦርነት የፈረንሳዩን ንጉሥ ዮሐንስን ማረከ። ስለዚህ እነዚያ አበቦች ጌጥ ሳይሆኑ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦርነት ሰበብ ናቸው። በጋሻው የላይኛ ክፍል ደግሞ ሦስት ጫፍ ወደ ታች የወረደለት ነጭ ሰቅ አለ። አባቱ በሕይወት ያለ የበኩር ልጅ የሚይዘው ምልክት ነው፤ ሲነግሥ ይነሣል። ኤድዋርድ አባቱን በአንድ ዓመት ቀድሞ ስለ ሞተ ሰቁ እዚያው ቀረ። ከአንበሶቹ ይልቅ ታሪኩን የምትናገረው ይህች ቀጭን ምልክት ናት።

በላባዎቹ ጋሻዎች ላይ «ኢሽ ዲን»፣ አገለግላለሁ፣ የሚል ተጽፏል፤ የዌልስ ልዑል እስከ ዛሬ የሚጠቀምበት መፈክር ነው።

በመቃብሩ ዙሪያ የሚዞረው የፈረንሳይኛ ግጥም ግን ፈጽሞ ሌላ ድምፅ አለው። እሱንም ኑዛዜው ራሱ ወስኖ፣ ሰው በደንብ በሚያነብበት ቦታ እንዲጻፍ አሳስቧል። ሟቹ መንገደኛውን ያነጋግራል፤ መሬት፣ ቤት፣ ፈረስና ወርቅ ነበረኝ፣ አሁን ግን ሥጋዬ ፈርሶ በአፈር ውስጥ ምስኪን ነኝ፣ ጸልዩልኝ ይላል። ስለ ፑዋቲዬ ድል አንድ ቃል አያነሣም፤ በ1370 ሊሞዥ ከተማን ሲያስመልስ ስለ ፈሰሰው ደምም አያነሣም። ትሕትናው የይስሙላ ነው ማለት ግን አያስኬድም። ልዑሉ ለሥላሴ የተለየ ፍቅር ነበረው፤ የሞተውም በሥላሴ በዓል ዕለት ነው፤ ከመቃብሩ በላይ ባለው የእንጨት ጣሪያም ሥላሴ ተሥሏል። ሁለቱንም፣ ክብሩንም ኃጢአተኝነቱንም፣ ከልቡ ያምን ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተፈጸመለትም። እንዲቀበር የጠየቀው ከካቴድራሉ ሥር በምድር ቤት ባለው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ነበር፤ የተቀበረው ግን ላይ፣ ከሰማዕቱ ቶማስ ቤኬት ቅዱስ መቃብር አጠገብ ነው። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ምስሉ የተሠራው ልዑሉ ከሞተ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በልጁ በሪቻርድ ዳግማዊ ዘመን እንደ ሆነ ይጠቁማል። ሪቻርድ በ10 ዓመቱ የነገሠ ነውና የጀግና አባቱ ወርቃማ ምስል ለዙፋኑ ያስፈልገው ነበር። አልጠቀመውም፤ በ1399 የአጎቱ ልጅ ሄንሪ አወረደው። የቤኬት ቅዱስ መቃብር በ1538 ሲፈርስ የልዑሉ መቃብር ተርፏል። ከባዶው ቦታ ማዶ፣ ትይዩ የተቀበረውም ያው የሪቻርድን ዙፋን የወሰደው ሄንሪ አራተኛ ነው።