የቅልጥም እጀታ

አንዳንዱ ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ አንዳንዱ የድሮ ገንዘብ። እኔ ደግሞ የድሮ ሰንጢ እሰበስባለሁ፤ ያውም የአጥንት እጀታ ያለውን። «ይሄ ምን ይረባሃል?» የሚለኝ ብዙ ነው። እውነትም አብዛኞቹ ዛሬ ብርቱካን እንኳ አይልጡም። ቀስ ብሎ ላያቸው ሰው ግን ብዙ ይናገራሉ። እስቲ ከእንግሊዟ ከተማ ከሸፊልድና ከአሜሪካ ሰንጢዎች የሰማሁትን ላጫውታችሁ። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

ከእጀታው እንጀምር። ድሮ የተከበረው እጀታ የአጋዘን ቀንድ ነበር፤ በተለይ ሳምባር ከሚባለው የህንድ አጋዘን የሚገኘው። ሸካራ ስለሆነ ከእጅ አያመልጥም፤ መልኩም ያምራል። ችግሩ ዋጋው ነው። የከብት ቅልጥም ግን በየቄራው ሞልቷል። እናም ባለሙያዎቹ ቅልጥሙን ከስቡ አጽድተው፣ በስስ በስሱ ሰንጥቀው፣ ላዩን በመሣሪያ እየፈለፈሉ፣ ቡናማ ቀለም ነክረው ቀንድ አስመሰሉት። እኛ ሰብሳቢዎች እንደ ጌጥ የምናየው ያ ሁሉ ጭረትና ጉድጓድ ሲጀመር የተፈለፈለው ውዱን ነገር በርካሽ ለመተካት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1960ዎቹ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ያወጣው ዴልሪን የሚባል ፕላስቲክ መጣና ብዙ ፋብሪካዎች አጥንቱን ትተው ወደ እሱ ዞሩ። ታዲያ ፕላስቲኩ ምን አስመስሎ ተሠራ ብትሉ፣ የተፈለፈለ አጥንት! አስመሳዩ በተራው ተመሰለ ማለት ነው። ዛሬ ሰብሳቢው እንከን ከሌለው ፕላስቲክ ይልቅ ኪስ ውስጥ ኖሮ ለለሰለሰው አሮጌ አጥንት አብልጦ ይከፍላል። ጊዜ የድሃውን እጀታ ጌታ አደረገው።

ዕድሜውስ በምን ይታወቃል? ስለቱን ከፍታችሁ ከማጠፊያው አጠገብ ያለውን ማኅተም ታነባላችሁ። የሸፊልድ ስለት ሠሪዎች ማኅበር በ1624 በሕግ ተቋቁሞ ሠሪዎቹ የየራሳቸውን ምልክት ያስመዘግቡ ነበር። አሜሪካ ደግሞ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ፣ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባው ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አስገደደች። ስለዚህ አንድ የሸፊልድ ሰንጢ ላይ «እንግሊዝ» የሚል ቃል ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው ብለን እንገምታለን። ያው ሕግ ቀረጡንም ከፍ ስላደረገው የሸፊልድን ገበያ ጎዳ፤ የአሜሪካኖቹን ፋብሪካዎች ግን አፋፋ።

ከነዚህ ፋብሪካዎች ኬዝ የተባለው፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ብራድፎርድ ከተማ ያለው፣ የሰብሳቢ ወዳጅ ነው። 6254 የሚል ቁጥር ብታዩ፣ 6 እጀታው አጥንት መሆኑን፣ 2 ባለ ሁለት ስለት መሆኑን፣ 54 የቅርጹን ዓይነት ይነግራችኋል። በ1970 ደግሞ ማኅተሙ ሥር አሥር ነጥብ አደረጉበት፤ በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሱ በ1979 አንድ ነጥብ ብቻ ቀረች። ቆጥሮ ዓመቱን ማወቅ ነው!

እንግዲህ እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ማኅተሙ የባለቤቱን ስም፣ የከተማውን ስም፣ አንዳንዴም ዓመቱን ይነግረናል። አጥንቱን የፈለፈለው ማን ነው? ስለቱንስ የሳለው? የለም፣ አልተጻፈም። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ የሸፊልድ ሐኪም ምስክርነት አለ፤ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት ሠራተኞች አቧራው ሳንባቸውን እየጨረሰው በአማካይ 35 ዓመት እንኳ አይሞላቸውም ነበር ይላል። ያ የሚያምር ስለት የሰው ትንፋሽ የተከፈለበት ነው። ሰው ስማቸውን ያወቀላቸው ጥቂቶች ናቸው። ከነሱ አንዱ ስታን ሾ ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ ሸፊልድ ውስጥ ሰንጢ በእጁ ሲሠራ ኖሮ በ2021 አረፈ።

የሸፊልድ ሠራተኛ ስሙ ተረሳ። የኛው አንጥረኛ ግን ከስሙ አልፎ ክብሩንም አጣ። ማረሻውን ያበጀለት፣ ጦሩንና ጎራዴውን የቀጠቀጠለት አገር መልሶ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ሰደበው። ስድቡ እስከምን ደርሶ እንደነበር የሚያሳየው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነው። ንጉሥ አዋጅ የሚያስነግረው ለጥቂት ባለጌዎች አይደለም፤ ነገሩ የአገር ልማድ ሲሆን ነው።

አዋጅ ምላስን ይገታ ይሆናል፤ ልብን ለማቅናት ግን ብቻውን አይበቃም። አሮጌ ጎራዴ ሲያሳዩን ብዙ ጊዜ የሚነግሩን የየትኛው ደጃዝማች እንደነበረ፣ የት እንደዘመተ ነው። ማን ቀጠቀጠው? እጀታውን ከቀንድ ማን ጠረበው? ይህን የጠየቀም፣ የመለሰም እምብዛም አልሰማሁም። የሸፊልዱ ማኅተም ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም ቢያንስ ዕቃ ሠሪ እንዳለው ያምናል። እኛ ዘንድ ዕቃው ባለቤት እንጂ ሠሪ የለውም።

ከአያታችሁ የተረፈ ካራ፣ ማጭድ ወይም መጥረቢያ ቤታችሁ ካለ፣ ዛሬውኑ የሚያውቁ ሽማግሌ ፈልጉና ማን እንደሠራው ጠይቁ። ስሙ ከተገኘ ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አስቀምጡት። ብረቱ ተወልውሎ ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል፤ ስሙን የሚያስታውሱት ሰዎች ግን አንድ በአንድ እያለቁ ነው።