የቅብዐ መንግሥት ሁለት ፊት

የእስራኤል ሽማግሌዎች ንጉሥ እንዲያነግሥላቸው በጠየቁት ጊዜ ነቢዩ ሳሙኤል ዋጋውን አስቀድሞ ዘርዝሮላቸው ነበር፤ ንጉሡ ወንዶች ልጆቻቸውን ለሠረገላው፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ለወጥ ቤቱ፣ ያማረውን እርሻና ወይናቸውን ለሎሌዎቹ እንደሚወስድ፣ ከዘራቸውና ከመንጋቸውም አሥራት እንደሚያወጣ ነገራቸው። እነርሱ ግን እንቢ ስላሉ በብርሌ የያዘውን ዘይት በሳኦል ራስ ላይ አፈሰሰ። ቅብዐ መንግሥት የሚባለው፣ በዘይት ቀብቶ የማንገሥ ሥርዓት በእስራኤል የጀመረው እንዲህ ከማስጠንቀቂያ ጋር ነው።

ዘይቱ የተቀባውን ሰው ያስከብራል፤ ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ የሚያሳድደውን የሳኦልን ልብስ ጫፍ ብቻ ቆርጦ እጁን የሰበሰበው፣ በዚያም ልቡ የመታው፣ ሳኦል የተቀባ በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ዘይቱ ከተግሣጽ አያድንም። ናታን ዳዊትን በኦርዮ ደም፣ ኤልያስ አክዓብን በናቡቴ የወይን ቦታ ፊት ለፊት ወቅሰዋል፤ ንጉሡ ዖዝያን ደግሞ የካህናትን ሥራ ደፍሮ ሊያጥን ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ ካህኑ ዓዛርያስና ሰማንያ ካህናት ተቃወሙት፣ ለምጽ ግንባሩ ላይ ወጣበት፣ እስኪሞትም በተለየ ቤት ተቀመጠ።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ስለ ነገሥታት በሚናገረው 44ኛ አንቀጹ ይህንኑ ሚዛን ከኦሪት ዘዳግም ወስዷል፤ ንጉሥ ፈረስን፣ ሴቶችን፣ ወርቅንና ብርን እንዳያበዛ፣ የሕጉንም መጽሐፍ በዘመኑ ሁሉ እንዲያነብ ያዛል። በኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥቱን የሚቀባው ከእስክንድርያ የሚላከው ጳጳስ፣ ማለትም አቡኑ ነበር። ሥርዓቱ በተግባር ምን ያህል ተሰባሪ እንደነበረ ከዳግማዊ ቴዎድሮስ ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ የለም፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም የቀቧቸው አቡነ ሰላማ፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት በመነካቱ ከተቃቃሩ በኋላ በቀቡት ንጉሥ እጅ ታስረው በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ሞቱ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ደግሞ ሳይቀቡ የገዙት ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ፣ መኳንንቱን ከመሐላቸው የፈቱት አቡነ ማቴዎስ ናቸው፤ ንጉሥ ያለ አቡን አይነግሥም ብቻ ሳይሆን ያለ አቡን አይወርድም ማለት ነው።

የ1923 እና የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቶች ግን የንጉሠ ነገሥቱ አካል በዘር ሐረጉና በተቀባው ቅብዐት የተነሣ ቅዱስ መሆኑን፣ ሥልጣኑም የማይደፈር መሆኑን ሲደነግጉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የዓይንጋዲን ወግ ያዙ፤ ለናታንና ለኤልያስ አንቀጽ አላበጁላቸውም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቀቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን የወረዱት የደርግ መኮንኖች ቤተ መንግሥት ገብተው ባነበቡላቸው ወረቀት ነው።