ፍቅሩን ያላነበበ ፌዝ

በነሐሴ 2010 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «ቫምፓየርስ ሰክ» አሜሪካ ውስጥ ለዕይታ ሲበቃ፣ ሊያፌዝበት የተነሳው «ትዋይላይት» ገና ትኩስ ነበር። የተከታታዩ ሦስተኛ ክፍል ከወጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። በ2005 የታተመው የስቴፈኒ ሜየር ልቦለድ በ2008 በካትሪን ሃርድዊክ አዘጋጅነት ፊልም ሆኗል፤ በ37 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶም ወደ 400 ሚሊዮን አስገብቷል። ዝናብ በማያባራባት የፎርክስ ከተማ ቤላ የምትባል አንዲት ተማሪ ኤድዋርድ ከሚባል ውብ ቫምፓየር ጋር ትዋደዳለች። ልጁ የ17 ዓመት ወጣት ይመስላል እንጂ የተወለደው በ1901 ነው። ፀሐይ ሲመታው አይቃጠልም፤ ያብለጨልጫል። ይህን ያህል የተወደደ፣ ይህን ያህልም የተጋነነ ታሪክ አግኝቶ ሰውን ማሳቅ ያቃተው ፊልም ምን ጎድሎት ነው? ጥያቄው በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። በቫምፓየር መሳቅ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ታላላቅ ሰዎች የተሳተፉበት ጥበብ ነውና።

በቅድሚያ ቫምፓየሩ ራሱ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በ1816 ክረምት በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ሎርድ ባይረንና እንግዶቹ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲላቸው የሚያስፈራ ታሪክ ለመጻፍ ተወራረዱ። ከዚያ ውርርድ የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ተወለደ። የባይረን ሐኪም የነበረው ጆን ፖሊዶሪ ደግሞ በ1819 የቫምፓየር ታሪኩን አሳተመ። የፖሊዶሪ ቫምፓየር ከመቃብር የወጣ ገጠሬ ሬሳ አይደለም፤ በሳሎን የሚዘዋወር፣ ሴቶችን የሚያማልል ባላባት ነው። ከዚያ የሸሪዳን ለፋኑ «ካርሚላ» በ1872፣ የብራም ስቶከር «ድራኩላ» በ1897 ተከተሉ። እንግዲህ ከቫምፓየር ጋር ፍቅር መያዝ ሜየር የፈጠረችው ጉድ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፍርሃቱና ምኞቱ አብረው ነበሩ።

ሕጎቹም ቢሆኑ ሲለዋወጡ የኖሩ ናቸው። በሜየር ላይ የተቆጡ ብዙ ሰዎች «ቫምፓየር ፀሐይ ላይ ይሞታል እንጂ አያብለጨልጭም» ይላሉ። የስቶከር ድራኩላ ግን ኃይሉ ቢቀንስም በጠራራ ቀን ለንደን ውስጥ ይንቀሳቀሳል። የፀሐይ ብርሃን እንዲገድለው ያደረገው የሙርናው «ኖስፌራቱ» ነው፤ የ1922 ድምፅ አልባ ፊልም፣ የስቶከር ባለቤት በፍርድ ቤት ተከራክራ ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ያስፈረደችበት። ስለዚህ በማብለጭለጩ ብቻ መሳቅ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ሩቅም አያደርስም።

ቤላ ሉጎሲ በ1931 ድራኩላን ሆኖ ሲተውን፣ ካባውና አነጋገሩ የዘመኑን ተመልካች አስፈርተው ነበር። ከ17 ዓመት በኋላ ዩኒቨርሳል ያንኑ ሉጎሲን ከሁለት ቀልደኞች፣ ከአቦትና ከኮስቴሎ ጋር አገናኘው። ፊልሙ እስከ ዛሬ የሚያስቀው ሉጎሲ ስለማይቀልድ ነው። እሱ ዛሬም ድራኩላ ነው፤ የፍራንከንስታይንን ፍጡር ለመቀስቀስ የኮስቴሎን አንጎል በእውነት ይፈልገዋል። ሎን ቼኒ ጁኒየርም ተኩላ የሚሆነውን ሰው ሲተውን ኀዘኑ የምር ነው። ሳቁ የሚመጣው ሞኙ ኮስቴሎ የእውነት አስፈሪ በሆነ ዓለም ውስጥ ስለገባ ነው። የፓሮዲ፣ ማለትም በሌላ ሥራ ላይ የሚያፌዝ ሥራ፣ ትልቁ ምሥጢር እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ የሚቀለድበት ዓለም ክብደቱን መጠበቅ አለበት።

በ1967 ሮማን ፖላንስኪ ሌላ መንገድ ያዘ። በሠራው የቫምፓየር ፌዝ ፊልም ውስጥ ቫምፓየር የሆነው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አይሁዳዊ በመሆኑ መስቀል ሲያሳዩት ምንም አይመስለውም። በዳንሱ አዳራሽ ደግሞ ትልቁ መስተዋት የሚያሳየው ከቫምፓየሮቹ መካከል ተደብቀው የሚደንሱትን ሰዎች ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ይነቃባቸዋል። ሁለቱም ቀልዶች የተወለዱት የታሪኩን ሕግ አክብሮ እስከ መጨረሻው ከመከተል ነው። ሕጉን የማያውቅ ሰው ሊጽፋቸው አይችልም። ሜል ብሩክስም በ1974 «ያንግ ፍራንከንስታይን»ን በጥቁርና ነጭ ሲቀርጽ፣ ለ1931ዱ የ«ፍራንከንስታይን» ፊልም የተሠሩትን የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ፈልጎ አግኝቷል። የሚቀልድበትን ፊልም እንደሚወደው እያንዳንዱ ትዕይንት ይመሰክራል።

ፍቅር ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ይኸው ሜል ብሩክስ በ1995 ሌስሊ ኒልሰንን ድራኩላ አድርጎ የሠራው ፊልም አልተሳካም። ካባ ለባሹ ድራኩላ በዚያን ጊዜ የማስታወቂያና የሕፃናት ፕሮግራም መቀለጃ ከሆነ ቆይቷል። የሚያስፈራው ሰው ስላልነበረ የሚያስቀውም አልነበረም።

ከዚህ አንጻር «ትዋይላይት» የተመቸ ኢላማ ነበር። አድናቂዎቹ በሙሉ ልባቸው ያመኑበት፣ ክብደቱ ያልተነካ ታሪክ ነው። የ«ቫምፓየርስ ሰክ» አዘጋጆች ጄሰን ፍሪድበርግና አሮን ሰልትዘር ግን ፓሮዲን ከሌላ በር የገቡበት ሰዎች ናቸው። «ዴት ሙቪ»፣ «ኤፒክ ሙቪ»፣ «ሚት ዘ ስፓርታንስ» እና «ዲዛስተር ሙቪ» ከ2006 እስከ 2008 የሠሯቸው ናቸው፤ ዘዴያቸው በሁሉም አንድ ነው። የታወቀውን ትዕይንት ደግመው ያሳያሉ፤ መሃሉ ላይ አንድ ሰው ይወድቃል ወይም ይመታል፤ ከዚያ የሰሞኑን ዝነኛ ስም ይጠራሉ። «ቫምፓየርስ ሰክ» ውስጥም ሌዲ ጋጋና የካርዳሺያን ቤተሰብ በዚህ መልክ ይነሳሉ። ተመልካቹ «አወቅኋት» ይላል፤ ማወቅ ግን ሳቅ አይደለም። አዝማሪ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው በግጥም ሲወጋ ቤቱ የሚስቀው ስሙን ስለጠራ አይደለም፤ ሰውየው የደበቀውን ስላየበት ነው።

ፊልሙ ውስጥ ይህን ያደረገች አንዲት ሰው አለች። ጀን ፕሮስክ የ«ትዋይላይት» መሪ ተዋናይት የሆነችውን የክሪስተን ስቱዋርትን የከንፈር ንክሻ፣ የተቆራረጠ ትንፋሽና ፀጉርን መነካካት አጥንታ ነው የመጣችው። ፊልሙን ያጥላሉ ተቺዎች እንኳ እሷን አመስግነዋታል፤ ይገባታልም። የሚያሳዝነው ግን ይህን ያህል አስተውላ የተወነችውን ሰው ጽሑፉ ምንም የምትለው ነገር አለመስጠቱ ነው።

የከፋው ደግሞ «ትዋይላይት» በራሱ ላይ ቀድሞ መቀለዱ ነው። በ2008ቱ ፊልም ኤድዋርድ ልጅቷን ወደ ቤቱ ሲወስዳት ግድግዳው ላይ የምርቃት ቆቦች ተደርድረው ታያለች። ቤተሰቡ ዕድሜ ልኩን ትምህርት ቤት እየገባ እየተመረቀ ኖሯል። ይህች አጭር ቀልድ ታሪኩን ከፍሪድበርግና ከሰልትዘር ሙሉ ፊልም በተሻለ ትነካዋለች። ለምን አንድ የመቶ ዓመት ሰው በፈቃዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይሆናል? የተኛችን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማየት ፍቅር ነው ወይስ አደን? እነዚህ ጥያቄዎች በ«ቫምፓየርስ ሰክ» ሳይነኩ ቀርተዋል። ተኩላ የሚሆኑት ወጣቶች ግን ሸሚዛቸውን አውልቀው ይደንሳሉ፤ በእውነተኛው ፊልምም ሸሚዝ አልነበራቸውም።

አድናቂ ልጃገረዶቹ ደግሞ በኤድዋርድና ተኩላ በሚሆነው በጄኮብ ጎራ ተከፍለው እንደ ዕብድ ሲደባደቡ ይታያሉ። እኔን የሚያስቀይመኝ ይህ ነው። ጄን ኦስተን ገና በወጣትነቷ በጎቲክ ልቦለድ በሚመሰጡ ልጃገረዶች ላይ ቀልዳለች፤ ግን ባለታሪኳን ካትሪን ሞርላንድን ትወዳታለች፣ ቅዠቷንም ከውስጥ ታውቀዋለች፣ ልቦለድ ማንበብንም በግልጽ ትሟገትለታለች። እዚህ ግን የሚያፈቅሩት የሚሳቅባቸው ስላፈቀሩ ብቻ ነው። በ20 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ፊልም በዓለም ዙሪያ ወደ 80 ሚሊዮን አስገብቷል፤ ስለዚህ ነጋዴዎቹ ከሰሩ ማለት አይቻልም። የከሰረው ትኬት የቆረጠው ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ታይካ ዋይቲቲና ጀሜይን ክሌመንት በኒውዚላንድ አንድ ቤት የሚጋሩ ቫምፓየሮችን ፊልም ሠሩ። አንዱ ልክ እንደ ኖስፌራቱ ራሰ በራና ጥርሳም ነው። ሌላው፣ ቪያጎ፣ የሚወዳትን ሴት ተከትሎ ከአውሮፓ በሬሳ ሣጥን ሲላክ የፖስታ ክፍያው ተሳስቶ ዘግይቶ ይደርሳል፤ እሷንም ሌላ አግብታ ያገኛታል። አሁን አርጅታ በአረጋውያን ማቆያ ትኖራለች። በመጨረሻ አብረው ይሆናሉ፤ እሷ ሸብታ፣ እሱ ወጣት መስሎ፣ በዕድሜ ግን እሱ እጅግ የሚበልጣት ሆኖ። ሜየር ቤላን ገና በወጣትነቷ ቫምፓየር አድርጋ ያመለጠችውን የዕድሜ ጥያቄ ይህ ፊልም ፊት ለፊት ገጠመው፤ ያስቃል፣ ፍቅሩም ሳይነካ ይቀራል።