ከእንክብሉ በፊት፦ የተቋረጠ ግንኙነት በወሊድ ቁጥጥር ታሪክ

የሰው ልጅ ወሊድን ለመገደብ የሞከረው እንክብል፣ መርፌና ሉፕ ከመገኘታቸው እጅግ ቀድሞ ነው። ከጥንታውያን ዘዴዎች አንዱ ወንዱ ዘሩ ከመፍሰሱ በፊት ብልቱን አውጥቶ በውጭ የሚያፈስበት የተቋረጠ ግንኙነት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ስለ አውናን የተጻፈው ታሪክ ዘዴው በጥንት ዘመን የታወቀ እንደነበር ይመሰክራል።

ዘዴው በሕዝብ ቁጥር ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ጎልቶ የታየው በፈረንሳይ ነው። በዚያች አገር የወሊድ መጠን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ መቀነስ ያዘ፤ ይህም ከአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሞኦ የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1778 ባሳተመው የሕዝብ ጥናት፣ ተፈጥሮን የማታለል ምስጢር እስከ ገጠር መንደሮች መዝለቁን በምሬት ገልጿል። የጎማ ኮንዶም ገና አልተሠራም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ድርጊቱን በኃጢአትነት ታወግዝ ነበር። ስለዚህ የታሪክ ተመራማሪዎች ለለውጡ ዋነኛውን ድርሻ የሚሰጡት ለዚሁ ዘዴ ነው።

ታዲያ ደካማ የሚባል ዘዴ ይህን ያህል ለውጥ እንዴት አመጣ? ምንም መከላከያ ከማይጠቀሙ 100 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ 85 ያህሉ ያረግዛሉ። በዚህ ዘዴ ከሚጠቀሙት ግን የሚያረግዙት 20 ያህል ናቸው፤ ያለ አንዳች ስሕተት ቢፈጸም ደግሞ 4 ያህል። ለአንድ አገር የወሊድ መጠን ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። ከሃያዎቹ አንዷ ለሆነችው ሴት ግን የአገር አማካይ መጽናኛ አይሆናትም። ከዚህም በላይ ዘዴው በወንዱ ፈቃድና ራስን መግታት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ባሏ ቃሉን ባይጠብቅ የእርግዝናውን ሸክም የምትሸከመው እርሷ ናት። በአንዳንድ ወንዶች ከመፍሰሱ በፊት በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥም ሕያው የወንድ ዘር መገኘቱ በምርመራ ታውቋል። ከአባላዘር በሽታዎችና ከኤች.አይ.ቪም አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም።

ለጤና ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። «መከላከያ ትጠቀሚያለሽ?» ተብላ «አልጠቀምም» የምትል ሴት፣ ባሏ «ይጠነቀቃል» ማለቷ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በስም ለይተን እንጠይቅ፤ ስትነግረንም አንናቅባት። ወሊድን ለመገደብ መወሰኗን አክብረን የተሻለውን አማራጭ እናሳያት። ዘዴው ሳይሳካ ቢቀር በ5 ቀናት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ማግኘት እንደምትችልም አስቀድመን እንንገራት።